አላቂ ዕቃ

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የንብረት አያያዝ ዕቃ በሁለት ይከፈላል፤ ቋሚ ዕቃና አላቂ ዕቃ። ቋሚ ዕቃ የሚባለው እንደ ጠረጴዛ፣ አልጋና ማይክሮስኮፕ ያለው ሲሆን፣ መለያ ቁጥር ተጽፎበት፣ በተረካቢው ስም ተመዝግቦ፣ በየጊዜው ቆጠራ እየተካሄደበት እስኪወገድ ድረስ ባለቤት አያጣም። አላቂ ዕቃ ግን በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ከተደረገ በኋላ የሚከታተለው የለም፤ ወረቀት፣ ሳሙናና ጥጥ ከዚህ ወገን ናቸውና አንዴ ከተሠራባቸው በኋላ ይቀራሉ ተብሎ አይታሰብም። በተለምዶ ማስክ የሚባለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት፣ ጋዋን፣ የፊት መከለያና ሌሎቹ የጤና ባለሙያ መከላከያዎች የተመደቡትም ከአላቂ ዕቃ ተራ ነው። ሳሙና በእርግጥ ያልቃል። ከፕላስቲክ የተሠራው ማስክ ግን የሚያልቀው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ ከሞዴል 22 በኋላ ያለው ዕድሜው ከዚያ በፊት ከነበረው እጅግ ይረዝማል።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በመዝገቡና በእውነታው መካከል ያለውን ይህን ልዩነት አደባባይ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 2020 ሲሆን (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ ዓለምን ያስጨነቀው ትርፉ ሳይሆን እጥረቱ ነው። ድርጅቱ በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ወረርሽኙን ለመቋቋም በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ማስክና 76 ሚሊዮን ጓንት እንደሚያስፈልግ ገምቶ፣ አምራቾች ምርታቸውን በ40 በመቶ ከፍ እንዲያደርጉ ጠይቆ ነበር። ጭንቀቱ ተገቢ ነበር፤ መከላከያ ሳይኖራቸው ታማሚ ያስታመሙ ሐኪሞችና ነርሶች ሕይወታቸውን ከፍለዋልና፣ መከላከያዎቹ መቅረት ነበረባቸው የሚል ክርክር በዚህ ምዕራፍ ቦታ የለውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ዕቃ በጥቂት ወራት ውስጥ አምርቶ፣ በአውሮፕላን ጭኖ፣ ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ያዳረሰ ሥርዓት ዕቃው ከተሠራበት በኋላ የሚደርስበትን ቦታ ለምን አላዘጋጀም?

ማስኩ ከምን ተሠራ

አንድ ተራ የሕክምና ማስክ በመቀስ ቢከፈት ሦስት ስስ ንጣፎች ይገኛሉ፤ ውጭኛው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ፊት የሚነካው ነጭ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ሲዳስሱት የለሰለሰ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ደመና የሚመስል ንጣፍ ነው። መልኩና ልስላሴው ጨርቅ ያስመስለዋል፤ ብዙ ሰው ማስክን ከጨርቅ ወይም ከወረቀት ጋር የሚቆጥረውም ለዚህ ነው። ሦስቱም ንጣፎች ግን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ ፖሊመር ሲሆን፣ ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጣሊያናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጁሊዮ ናታ በ1954 ይህን ሰንሰለት ሥርዓት ባለው አኳኋን ማያያዝ ቻለ፤ ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር በ1963 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትም በዚህ መስክ የሠራው ሥራ ነው። ጤፍና ስኳር የሚሞላበት፣ በገበያ «ማዳበሪያ» የሚባለው ነጭ ከረጢት የሚፈተለው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው፤ ማዳበሪያ ከረጢት በቀላሉ እንደማይበሰብስ የሚያውቅ ገበሬ ማስክም እንደማይበሰብስ ሊነገረው አያስፈልግም።

የማስኩ ዋና ጉልበት ያለው በመካከለኛው ንጣፍ ላይ ነው። ይህ ንጣፍ የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ እጅግ በጠበቡ ቀዳዳዎች ሲገፋና ወዲያው በኃይለኛ ሞቃት ነፋስ ተመትቶ እንደ ጥጥ ከረሜላ ሲበተን ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጭረት ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር፣ ማለትም ጥቂት የሚሊሜትር ሺሕኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ከእርሱ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ዘዴው በ1950ዎቹ የተወለደው በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ የተፈለገውም ከኑክሌር ፍንዳታ በኋላ በአየር ላይ የሚቀሩትን የራዲዮአክቲቭ ብናኞች አጣርቶ ለመያዝ ነበር። በኋላም በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የታይዋን ተወላጅ ፒተር ሳይ በ1990ዎቹ ጭረቶቹን በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የሚያስሞላ ዘዴ ፈለሰፉ። ትምህርት ቤት ውስጥ እስክርቢቶ ፀጉሩ ላይ አሽቶ ብጥስጣሽ ወረቀት የሳበ ልጅ የነገሩን ምስጢር ያውቀዋል፤ ሙሉን የያዘው ጭረት በአጠገቡ የሚያልፈውን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል፣ ስለዚህ ንጣፉ ትንፋሽ ሳይከለክል ከቀዳዳዎቹ ያነሰውን እንኳ ይይዛል።

ማስኩን የአንድ ጊዜ ዕቃ ያደረገውም ይኸው ጥበብ ነው። አልኮል ሲነካው፣ በሳሙና ሲታጠብ የኤሌክትሪክ ሙሉ ይጠፋል፤ ማስኩ መልኩን እንደያዘ ሥራውን ያቆማል። ፒተር ሳይ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2020 ወደ ሥራ ተመልሰው የፈለጉት መፍትሔ ሙሉን ሳያጠፉ ቫይረሱን መግደያ መንገድ ሲሆን፣ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በደረቅ ሙቀት ማቆየት ከሁነኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ዕውቀት ግን ከጥቂት ሆስፒታሎች አልፎ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል እጥረቱ አለፈ፤ እጥረቱ ሲያልፍም ማስክን ደጋግሞ የመጠቀም ሐሳብ አብሮ ተረሳ።

ሌሎቹ መከላከያዎች ከሌላ ከሌላ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነቱም ሲቃጠሉ ዋጋ አለው። ጓንት ሦስት ዓይነት ነው፤ ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላቴክስ፣ ከነዳጅ ውጤቶች የሚሠራው ናይትራይልና ርካሹ ቪኒል። ቪኒል ፒቪሲ ከሚባለው፣ በውስጡ ክሎሪን ካለበት ፕላስቲክ የሚሠራ ነው። ጋዋኑና ሙሉ የመከላከያ ልብሱ ብዙ ጊዜ በስስ ፖሊኤቲሊን የተለበጠ ፖሊፕሮፒሊን ነው። በማስኩ ላይም ቢሆን የአፍንጫው ሽቦ ብረት ነው፣ የጆሮው ማንጠልጠያ ደግሞ ሌላ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሦስት ወይም አራት ግራም በማትሞላ አንዲት ዕቃ ውስጥ ይህ ሁሉ ተጣብቆ ስለሚገኝ ለይቶ መልሶ ማቅለጥ ከሚያስገኘው ገንዘብ በላይ ያስወጣል። ሃይላንድ፣ ጄሪካንና ቁርጥራጭ ብረት በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው ቆራሌ ማስክ የማይገዛው ለዚህ ነው፤ ቆራሌ ያልገዛው ፕላስቲክ ደግሞ በኢትዮጵያ ከተሞች ማረፊያው ቱቦና ወንዝ ዳር ነው።

ከሚታጠበው ወደሚጣለው

ይህ ሁሉ ሲነገር አንባቢ ማስክ ከጥንት ጀምሮ የሚጣል ዕቃ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በ1897 በፓሪስ ፖል በርዤ የተባለው ቀዶ ሐኪም አፉን ሸፍኖ ማከም ሲጀምር የተጠቀመው በሻሽ ነው። በ1910 እና 1911 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ስድሳ ሺሕ ያህል ሰው የፈጀው የሳንባ ቸነፈር (ፔስት) ሲነሣ የማላያ ተወላጁ ሐኪም ዉ ሊየን ቴ በሽታው በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ተረድቶ ያሠራጨው ማስክም ከሻሽና ከጥጥ በእጅ የሚሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሆስፒታል ማስክ ከጨርቅ ተሰፍቶ፣ ከሥራ በኋላ ታጥቦና በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ እንደ ቀዶ ሕክምናው አንሶላ ደጋግሞ የሚያገለግል ቋሚ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራው የሚጣል ማስክ ገበያ ላይ ሲወጣ አምራቾቹ ለሆስፒታሎች ያቀረቡት ዋና ማባበያ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ጉልበትና ወጪ መቀነሱ ነበር። ሆስፒታሎቹም ተቀበሉት፤ የጨርቁን ማስክ ማሻሻልና መመርመርም ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው ተቋረጠ። በ2020 ዓለም ወደ ጨርቅ ማስክ ለመመለስ ሲገደድ የትኛው ጨርቅ፣ በስንት ድርብ፣ በምን ዓይነት አሰፋፍ ይከላከላል ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ግማሽ መቶ ዓመት በቅጡ ያልተጠና ነገር በአንድ ወር ሊታወቅ አይችልም።

በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ብዙ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ጨርቅና ጋዋን እስከ ዛሬ ታጥቦ፣ በብረት ከበሮ ውስጥ ታጥፎ፣ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ተቀቅሎ ዳግም ሥራ ላይ ይውላል። ይህ ልማድ የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ለመደጋገም የተሠራ የሕክምና ጋዋን ሰባ አምስት ጊዜ ያህል ታጥቦ ሊያገለግል እንደሚችል፣ አንድ ጋዋን ሰባ አምስት የሚጣሉ ጋዋኖችን ይተካል ማለት እንደሆነ ሲታሰብ ግን፣ ልማዱን የያዙት ሆስፒታሎች ሌሎቹ የጣሉትን ጥበብ እንዳቆዩ መታየት ይገባዋል። አሳፋሪ ተብሎ የሚተው ሳይሆን መሣሪያው ተሟልቶለት የሚጠናከር ሥርዓት ነው።

የቁጥሮቹ ነገር

በወረርሽኙ ዘመን ከተሠራጩት ቁጥሮች ሁሉ በስፋት የተጠቀሰው ዓለም በየወሩ 129 ቢሊዮን ማስክና 65 ቢሊዮን ጓንት ትጠቀማለች የሚለው ነው። ቁጥሩ የወጣው በ2020 በታተመ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ሲሆን አመጣጡን መመርመር ተገቢ ነው። ጣሊያን ለ60 ሚሊዮን ሕዝቧ በወር አንድ ቢሊዮን ማስክ ያስፈልጋታል ተብሎ የተገመተው ተወስዶ በዓለም ሕዝብ ቁጥር ልክ እንዲበዛ ተደረገ። ስለዚህ 129 ቢሊዮን የተቆጠረ ዕቃ አይደለም፤ የምድር ሰው ሁሉ እንደ ጣሊያናዊ ማስክ ቢለብስ የሚል ስሌት ነው። የባሕር ጥበቃ ድርጅት የሆነው ኦሽንስኤዥያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባወጣው ዘገባ በ2020 በሙሉ የተመረተው ማስክ 52 ቢሊዮን እንደሚሆን ገምቷል፤ በዓመት 52 ቢሊዮን ብቻ ከተመረተ በወር 129 ቢሊዮን ሊለበስ እንደማይችል ግልጽ ነው። የአዲስ አበባን ታክሲ ያየ ሰው ደግሞ ስሌቱ የት ላይ እንደሳተ ያለ ሒሳብ ይረዳዋል። ብዙው ተሳፋሪ ረዳቱ «ማስክ!» ሲለው ከኪሱ የሚያወጣው፣ ሲወርድ አጣጥፎ ወደ ኪሱ የሚመልሰው፣ ጠርዙ የጠቆረና ማንጠልጠያው በቋጠሮ የተቀጠለ አንድ ማስክ ነበረው፤ ለአንድ ቀን የተሠራው ዕቃ ለሳምንታት አገለገለ። ይህ ለጤና የማይመከር ቢሆንም፣ የፍጆታ ስሌት ከሀብታም አገር ተነሥቶ ለድሃው ሲባዛ እንዲህ ያለው እውነት ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል።

የተሻለ መሠረት ያላቸው ቁጥሮች ያሉት ዕቃው በተጫነበት ሰነድ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ከማርች 2020 እስከ ኖቬምበር 2021 ባለው ጊዜ በተባበሩት መንግሥታት የጋራ የአስቸኳይ ጊዜ አቅርቦት በኩል ብቻ ተገዝቶ ለአገሮች የተላከው የመከላከያ ዕቃ 87,000 ቶን ያህል ይመዝናል፤ አብዛኛውም ቆሻሻ ሆኗል ተብሎ ይገመታል። አገሮች በራሳቸው የገዙትና ሕዝቡ በየሱቁ የሸመተው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በዚያው መንገድ የተላኩት 140 ሚሊዮን መመርመሪያዎች 2,600 ቶን በአብዛኛው ፕላስቲክ የሆነ ቆሻሻና 731,000 ሊትር የኬሚካል ዝቃጭ ሊያስከትሉ የሚችሉ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የተሰጠው ከ8 ቢሊዮን በላይ ክትባት ደግሞ በሲሪንጅ፣ በመርፌና በሴፍቲ ቦክስ መልክ 144,000 ቶን ጨምሯል። የመጨረሻው ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሰው አንድ ክትባት 18 ግራም ይደርሳል፤ አንድ ሰው ተወግቶ ሲወጣ የአምስት ማስክ ክብደት ያለው ቆሻሻ ከኋላው ይቀራል ማለት ነው።

የናንጂንግ ዩኒቨርሲቲና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ እስከዚያ ዓመት ኦገስት ድረስ ከ193 አገሮች ወረርሽኙ ያስከተለው የፕላስቲክ ቆሻሻ 8.4 ሚሊዮን ቶን፣ ከዚህም ወደ ውቅያኖስ የገባው 26,000 ቶን ገደማ እንደሚሆን ገምቷል። ከዚህ ጥናት ለዚህ ምዕራፍ የሚበልጠው ቁምነገር ድምሩ አይደለም፤ ክፍፍሉ ነው። ከቆሻሻው 87 በመቶ የሚሆነው የመነጨው ከሆስፒታሎች ሲሆን፣ ግለሰቦች የተጠቀሙበት መከላከያ ድርሻ 8 በመቶ እንኳ አልሞላም። በባሕር ዳርቻ የወደቀው ሰማያዊ ማስክ በየጋዜጣው ፎቶግራፍ ሲነሣ ከረመ፤ ትልቁ ክምር ግን ካሜራ በማይገባበት፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ በሚገኘው ግቢ ውስጥ ነበር። ወረርሽኙ በተነሣባት በዉሃን ከተማ በቀን 40 ቶን የነበረው የሕክምና ቆሻሻ በከፋው ወቅት ወደ 240 ቶን ማሻቀቡም ይህንኑ ያሳያል።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት በሚሠራበት መመሪያ ቆሻሻ ከምንጩ ይለያል፤ ተላላፊ ያልሆነው በጥቁር፣ ተላላፊው በቢጫ ማጠራቀሚያ፣ ስለታማው በሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ ግን አጭር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ቢጫውን ባልዲ ይዛ ወደ ግቢው ጓሮ ትሄዳለች፤ እዚያም የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱና የአመድ ጉድጓዱ ጎን ለጎን ተቆፍረዋል፣ አጠገባቸውም ከጡብ የተገነባ፣ ሁለት ክፍልና አንድ የቆርቆሮ ጭስ መውጫ ያለው ማቃጠያ ይቆማል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተስፋፋው የዚህ ዓይነቱ ማቃጠያ ንድፍ ከተሠራበት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ወስዶ «ደ ሞንትፎርት» ይባላል። ርካሽ ነው፣ በአገር ውስጥ ጡብና ብረት ይሠራል፣ መርፌ ሜዳ ላይ ከመውደቅ አድኗል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ንድፉ ግን የጠየቀው ነገር አለ፤ አስቀድሞ በእንጨት ወይም በነዳጅ መሞቅ፣ ቆሻሻው ደረቅ ሆኖ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ አቃጣዩም መሠልጠንና ጊዜ ማግኘት አለበት።

በፕላስቲክ የተሞላ ባልዲ እነዚህን ሁኔታዎች ያፈርሳል። ፖሊፕሮፒሊን በክብደት ልክ ሲመዘን የናፍጣን ያህል የሙቀት ኃይል ስላለው ብዙው በአንድ ጊዜ ሲገባ እሳቱ ይገነፍላል፣ አየር ያንሰዋል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጡቡም በሙቀት መዋዠቅ ይሰነጠቃል። ማስክ ብቻውን ቢቃጠል በመርሕ ደረጃ ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ በመሆኑ በቂ ሙቀትና አየር ካገኘ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል። አብሮት የሚገባው የቪኒል ጓንትና ሌላው የፒቪሲ ዕቃ ግን ክሎሪን ስላለበት፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠልና ጭሱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ዳይኦክሲንና ፉራን የተባሉ መርዞች ይፈጠራሉ። እነዚህ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ እየተከማቹ ወደ ወተት፣ ወደ እንቁላልና ወደ እናት ጡት የሚደርሱ፣ ካንሰርም የሚያስከትሉ ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲቀነሱ ከሚያዝባቸው ነገሮች መካከል ይገኛሉ። መርዙን ለመከላከል ሁለተኛው የማቃጠያ ክፍል ለሕክምና ቆሻሻ 1,100 ዲግሪ ያህል መድረስና ጭሱን ቢያንስ ሁለት ሰከንድ መያዝ ሲኖርበት፣ በጓሮ ያለ ትንሽ የጡብ ምድጃ ይህን ጠብቆ መዝለቅ አይሆንለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ በዓለም ካሉ የጤና ተቋማት 30 በመቶው፣ በድሃ አገሮች ደግሞ 60 በመቶው ወረርሽኙ ጭማሪውን ከማምጣቱ በፊት የነበረውን ቆሻሻ እንኳ ለመያዝ አቅም እንዳልነበራቸው ሲገልጽ የሚያመለክተው እነዚህን ጓሮዎች ነው።

ወደ እነዚህ ጓሮዎች የሚያመራው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ተጭኖ ነው፤ በማርች 2020 በቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ስጦታ ለ54 የአፍሪካ አገሮች የተመደበው፣ ለእያንዳንዱ 100,000 ማስክ፣ 20,000 መመርመሪያና 1,000 መከላከያ ልብስ ሲሆን፣ ጭነቱ ቦሌ አርፎ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደየአገሩ ተሠራጭቷል። ሥራው የሚያኮራ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላም በዚያው ቦሌ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ማከፋፈያ ማዕከል ተከፍቷል። ሆኖም በዚያ ጭነት ዝርዝር ውስጥ አንድ አውቶክሌቭና አንድ መፍጫ አልነበረበትም። በ121 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ እንፋሎት ቆሻሻውን አምክኖ፣ ከዚያም አድቅቆ መጠኑን የሚቀንስ መሣሪያ ጭስ የለውም፣ ያመከነውን ፕላስቲክም ተላላፊነቱን አጥፍቶ ወደ ተራ ቆሻሻ ይመልሰዋል። ጉድለቱ ከደግነት ማነስ የመጣ አይደለም፤ አላቂ ዕቃ ሲላክ ማለቂያውን መላክ ባህል ስላልሆነ ነው።

ባሕር የማይደርስ ወንዝ

ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀልላል፣ ስለዚህ ይንሳፈፋል። የፀሐይ ጨረር ሰንሰለቱን ሲበጥሰው ማስኩ ይሰባበራል እንጂ አይጠፋም፤ ቀጫጭኑ ጭረት እየተላቀቀ ማይክሮፕላስቲክ፣ ማለትም ከአምስት ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ይሆናል። በሚላኖ ቢኮካ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና በ2021 የታተመ ሙከራ በጨረር ያረጀ አንድ ማስክ በውሃ ሲናጥ በቀን እስከ 173,000 ጭረት ሊለቅ እንደሚችል አሳይቷል። በኢትዮጵያም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ታደለ አሰፋ አራጋው ገና በ2020 የሕክምና ማስክ የማይክሮፕላስቲክ ምንጭ እንደሚሆን በዓለም አቀፍ የባሕር ብክለት መጽሔት ላይ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ባሕር ከሌላት አገር መውጣቱ ሊያስገርም አይገባም።

ስለ ፕላስቲክ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ውቅያኖስ ነው፤ በኔዘርላንድስ ቦይ ውስጥ በጓንት ጣት ተይዞ የሞተው ዓሣና በብራዚል ዳርቻ ሆዱ ውስጥ ማስክ የተገኘበት ፔንግዊን ዓለምን አሳዝነዋል። የአዲስ አበባ ማስክ ግን ውቅያኖስ አይደርስም። በክረምት ጎርፍ ከቱቦ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ። አዋሽ ደግሞ ወደ ባሕር የማይወርድ ወንዝ ነው፤ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በመንገዱም ጎመንና ሰላጣ፣ ሸንኮራና ጥጥ ያጠጣል። ስለዚህ በመዲናዪቱ የተጣለ ማስክ የሚሰባበረው፣ ጭረቱም የሚቀመጠው እዚያው የአገሩ ማሳና ደለል ውስጥ ነው። ወንዝ ያልወሰደው በቤት ለቤት ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ማዳበሪያ ታጭቆ፣ ከምግብ ትርፍ ጋር ተለውሶ ይወጣል፤ በወረርሽኙ ወቅትም የሰው ትንፋሽና አክታ ያለበትን ማስክ ሌላው ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ ሲጥል፣ ሰብሳቢዎቹ ብዙ ጊዜ ያለ ጓንት በባዶ እጃቸው አንሥተውታል። የመከላከያ ዕቃ ቆሻሻ መከላከያ በሌለው ሰው እጅ መነሣቱ ከዚህ ምዕራፍ ነገሮች ሁሉ የሚያሳዝነው ነው።

ከመጠን ያለፈው

ከቆሻሻው ውስጥ ምን ያህሉ ከመጀመሪያው ባልተፈጠረ ነበር? በ2020 ጸደይ ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳይ የቤተ ሙከራ ውጤት ሲታተም፣ ሕዝቡም ተቋማቱም ዕቃ በመንካት መያዝን እጅግ ፈሩ፤ ጓንት አድርጎ ገንዘብ መቁጠርና ገበያ መሄድ የተለመደው በዚያን ጊዜ ነው። ዋናው መተላለፊያ አየር መሆኑ፣ ከዕቃ ላይ የመያዝ ዕድልም አነስተኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ጓንቱ አልቀረም። ክትባት ለመውጋት ጓንት እንደማያስፈልግ፣ እጅ መታጠብ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያስረዳም በብዙ የክትባት ጣቢያ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ጓንት ወጥቷል። የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ከወረርሽኙ በፊት በ2018 ሠራተኞቹ ጓንት መቼ እንደሚያስፈልግ እንዲለዩ ባደረገው ዘመቻ በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ቶን ፕላስቲክ መቀነስ ችሎ ነበር። 

ግዥውም እንደ ፍርሃቱ ከልክ አልፏል። የብሪታኒያ ፓርላማ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ በጁን 2022 እንዳስታወቀው መንግሥት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ከገዛው መከላከያ ውስጥ 4 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያወጣው ደረጃውን ያልጠበቀ ሆኖ ለጤና አገልግሎቱ ሳይውል ቀርቷል፤ ብዙውም በወር 15,000 ፓሌት እየሆነ በከፊል መልሶ ለመጠቀም፣ በከፊልም ኃይል ለማመንጨት እንዲቃጠል ታቅዷል። አንድም ፊት ያልሸፈነ ማስክ ከፋብሪካ ወደ ምድጃ ሄደ ማለት ነው። በተመሳሳይ ወራት በሌሎች አገሮች ነርሶች አንዱን ማስክ ለቀናት ያደርጉ ነበር።

በማርች 2022 በናይሮቢ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም አስገዳጅ ውል እንዲዘጋጅ ወስኖ ነበር፤ ድርድሩ በቡሳን በ2024፣ በጄኔቫም በኦገስት 2025 ያለ ስምምነት ተበትኗል። የጤና ተቋማት ግን ውሉን መጠበቅ አይኖርባቸውም። ግዥ የሚፈጽመው የጤና ጽሕፈት ቤት፣ ዕርዳታ የሚልከው ለጋሽና ዕቃውን የሚረከበው ሆስፒታል በሚቀጥለው የግዥ ሰነድ ላይ ሁለት ነገር ይጨምሩ፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ዋጋ ጋር የማስወገጃው ዋጋ ይጻፍ፣ ከሞዴል 22 ቀጥሎም ስንት ኪሎ ተለይቶ እንደወጣ፣ የት፣ በምንና በማን እንደተወገደ የሚሞላበት አንድ ቅጽ ይኑር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብና ጓንትና ቦት የተሰጣት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነው።